ደመወዝ ልጅን አይቆጥርም፦ ልጅ በሚያሳድጉ ቤተሰቦች መካከል ስላለው የገቢ ልዩነት

ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ የሆነው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማሻሻያ ዝቅተኛውን ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር፣ ከፍተኛውን ከ21,492 ብር ወደ 39,000 ብር፣ በመጀመሪያ ዲግሪ አዲስ የሚቀጠር ሠራተኛን መነሻ ደግሞ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ አድርጓል። በማሻሻያው ዙሪያ የተነሣው ክርክር በአመዛኙ ያተኮረው ጭማሪው ከኑሮ ውድነቱ ጋር ይመጣጠናል ወይስ አይመጣጠንም በሚለው ላይ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን አብሮት መነሣት የነበረበት ሌላ ጥያቄ ሳይነሣ ቀርቷል። ይህ ደመወዝ ስንት ሰው ያሳድራል?

በወር 11,500 ብር የሚከፈለውን ሠራተኛ እንውሰድ። በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር መሠረት 2,100 ብር ግብር፣ እንዲሁም ሰባት በመቶ ወይም 805 ብር የጡረታ መዋጮ ተቆርጦበት 8,595 ብር እጁ ይገባል። ይህ ሠራተኛ ከወላጆቹ ጋር የሚኖር ወጣት ከሆነ ገንዘቡ ለትራንስፖርት፣ ለልብስና ለዕቁብ ይበቃዋል፤ ቆጠብ ካደረገም ይተርፈዋል። ያው ደመወዝ የሚከፈላት ሦስት ልጆች ያሏትና ባለቤቷ ሥራ የፈታ እናት ከሆነች ግን ገንዘቡ ለአምስት ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ በወር 1,719 ብር፣ በቀን ከ58 ብር ያነሰ ይደርሳል፤ ይህም የቤት ኪራይ ገና ሳይነሣለት ነው። በደመወዝ መክፈያ ሰነዱ ላይ ሁለቱ ሠራተኞች እኩል ናቸው። በግብር ሰነዱም እኩል ናቸው። በኑሯቸው መካከል ያለውን ርቀት የሚመዘግብ አንድም ሰነድ የለም።

በኢትዮጵያ ስለ ገቢ ልዩነት ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚነጻጸሩት ባለ ሀብቱና ደሃው፣ ከተሜውና ገጠሬው፣ ነጋዴውና ደመወዝተኛው ናቸው። እነዚህ ንጽጽሮች ሁሉ እውነት አላቸው። ይሁን እንጂ ልዩነቱ ከሁሉ በላይ የሚሰፋውና ወደ ሚቀጥለው ትውልድ የሚሻገረው ልጅ በሚያሳድጉ ቤተሰቦች መካከል ነው፤ የአገሪቱ የደመወዝ፣ የግብርና የቤት ኪራይ ሥርዓት ግን ሠራተኛውን፣ ግብር ከፋዩንና ተከራዩን እንጂ ልጁን አያይም።

ይህን በግልጽ ከሚያሳዩት ነገሮች አንዱ የገቢ ግብር ሕጉ ነው። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያ ከግብር ነፃ የሚሆነውን ወርኃዊ ገቢ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ማሳደጉ ዝቅተኛ ደመወዝተኞችን ጠቅሟል፤ መልካም እርምጃም ነው። ሆኖም ሕጉ የሚያስከፍለው ግለሰቡን ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው 6,000 ብር ቢያገኙ እያንዳንዳቸው 700 ብር፣ በድምሩ 1,400 ብር ግብር ይከፍላሉ። በጎረቤት ቤት ደግሞ ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች እናት ብቻዋን 12,000 ብር ብታገኝ 2,250 ብር ትከፍላለች። ወደ ሁለቱም ቤቶች የሚገባው ጠቅላላ ገቢ አንድ ነው፤ የልጆቹ ቁጥር እኩል ቢሆን እንኳ ብቻዋን የምታሳድገው እናት በየወሩ 850 ብር፣ በዓመት 10,200 ብር የበለጠ ትከፍላለች። ከነፃው ወለል ሁለት ጊዜ የሚጠቀመው ሁለት ደመወዝተኛ ያለበት ቤት ሲሆን፣ አንድ ብቻ ያለበት ቤት አንድ ጊዜ ብቻ ይጠቀማል። ለጥገኛ ልጅ ተብሎ ከግብር የሚቀነስ ገንዘብም የለም።

ማንም ሰው ይህንን አስቦ በነጠላ እናቶች ላይ የደነገገው አይመስለኝም። ግብርን በግለሰብ ማስላት ለአሠሪው ቀላል ነው፤ ያገባች ሴት ደመወዝ በባሏ ላይ ተደምሮ ከፍ ባለ ምጣኔ እንዳይቀረጥም ይጠብቃታል፤ ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም። ችግሩ ሥርዓቱ ሌላ ምንም ማስተካከያ ሳይደረግለት መተዉ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት ከአራት አባወራዎች አንዱ በሴት የሚመራ ነው። አባት ለልጁ ቀለብ እንዲቆርጥ የቤተሰብ ሕጉ ያስገድደዋል፤ ደመወዝ ያለው አባት ከደመወዙ ሊቆረጥበት ይችላል፤ የቀን ሥራ ከሚሠራ ወይም በየቦታው ተዘዋውሮ ከሚነግድ አባት ላይ ፍርዱን ማስፈጸም ግን እናቲቱን በፍርድ ቤት ደጅ የሚያንከራትት ጉዳይ ነው። ሥራዋን ጥላ በተመላለሰች ቁጥር የምታጣው የቀን ገቢዋ ደግሞ ከዚያው ከልጁ አፍ የሚቀነስ ነው።

አገራዊው አኃዝ ይህን ሁሉ ይሸፍነዋል። በ2008ቱ የቤተሰብ ፍጆታና ወጪ ጥናት መሠረት የኢትዮጵያ የጂኒ መለኪያ (ዜሮ ፍጹም እኩልነትን፣ አንድ ፍጹም ልዩነትን የሚያሳይ የገቢ ልዩነት መለኪያ) 0.33 አካባቢ ሲሆን፣ በከተማ 0.38፣ በገጠር 0.28 ነበር። ከ0.6 በላይ ከሆነችው ከደቡብ አፍሪካ ጋር ሲነጻጸር ይህ ዝቅተኛ ልዩነት ነው። በዚያው ጥናት ከድህነት መስመር በታች የሚኖረው ሕዝብ 23.5 በመቶ ነው፤ መስመሩም ሕፃን የሚበላው ከአዋቂ ያነሰ መሆኑን ታሳቢ አድርጎ ለአንድ አዋቂ በተሰላ ዓመታዊ 7,184 ብር ላይ የተሰመረ ነበር። እነዚህ መለኪያዎች ስሕተት አይደሉም። ነገር ግን የሚለኩት የአባወራውን ፍጆታ ነው፤ ልጆች ደግሞ በአባወራዎች መካከል እኩል አልተከፋፈሉም።

በዚያው የጤና ዳሰሳ ከአምስት አንድ እጅ በሚሆኑት እጅግ ደሃ ቤተሰቦች ውስጥ አንዲት ሴት በሕይወት ዘመኗ በአማካይ 6.4 ልጆች ስትወልድ፣ በሀብት ከሁሉ በሚበልጠው አንድ አምስተኛ ውስጥ ያለችው 2.6 ትወልድ ነበር። በገጠር 5.2፣ በከተማ 2.3፣ በአዲስ አበባ 1.8 ነበር። እንግዲህ የአንዱ ቤት ገቢ የሌላውን አምስት እጥፍ ነው ብንልና ገቢውን በእነዚህ የልጆች ቁጥር ብናካፍል፣ በቤተሰብ ደረጃ አምስት እጥፍ የነበረው ልዩነት በልጅ ደረጃ አሥራ ሁለት እጥፍ ያህል ይሆናል። ስሌቱ ግምታዊ ነው፤ ልጆች ሁሉ በአንድ ጊዜ ቤት ውስጥ አይኖሩም፣ ትልቁ ትንሹን ይይዛል፣ ልብስና ደብተር ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል፣ በገጠር ልጅ ከብት ጠብቆና ውኃ ቀድቶ የራሱን ድርሻ ያዋጣል። ያም ሆኖ አቅጣጫው አያጠራጥርም፦ አብዛኛው የኢትዮጵያ ልጅ የሚያድገው ገቢው ለብዙ በሚካፈልበት ቤት ውስጥ ነው።

ውጤቱ በልጆቹ አካል ላይ ይታያል። በዚያው ዳሰሳ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ልጆች የቀነጨሩት በደሃው አንድ አምስተኛ ውስጥ 45 በመቶ፣ በሀብታሙ አንድ አምስተኛ ውስጥ ደግሞ 26 በመቶ ነበሩ። በክልል ሲታይ በአማራ ክልል 46 በመቶ፣ በአዲስ አበባ 15 በመቶ ነበር። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት የሚያስፈልገው ነገር አለ። በተሻለ ኑሮ ላይ ከሚገኙት ቤተሰቦች ልጆች እንኳ ከአራት አንዱ መቀንጨሩ፣ ገቢ ብቻውን ልጅን እንደማያሳድግ ያስረዳል፤ ንጹሕ ውኃ፣ መጸዳጃ ቤት፣ የሕፃናት አመጋገብ ዕውቀት፣ የእናቲቱ ጤናና ዕረፍት ድርሻ አላቸው። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲና ዩኒሴፍ በ2011 ዓ.ም. ይፋ ያደረጉት ጥናትም በዚሁ መንገድ ነው የተመለከተው፦ ገቢን ትቶ ምግብን፣ ጤናን፣ ትምህርትን፣ ውኃን፣ መጠለያንና የመሳሰሉትን ሲቆጥር፣ ከ18 ዓመት በታች ካሉት 41 ሚሊዮን ልጆች 36 ሚሊዮኑ፣ ማለትም 88 በመቶው፣ በብዙ ዘርፍ ድሆች ሆነው ተገኝተዋል። በገጠር 94 በመቶ፣ በከተማ 42 በመቶ፣ በአዲስ አበባ 18 በመቶ። የጠቅላላውን ሕዝብ ድህነት ከሩብ በታች ያደረገው መለኪያና የልጁን ድህነት ወደ ዘጠና በመቶ ያስጠጋው መለኪያ የተለያየ ነገር የሚለኩ ቢሆኑም፣ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የፖሊሲ ክርክራችን የቱን እንደሚያይና የቱን እንደሚዘለው ይነግረናል።

ወደ ከተማ፣ በተለይም ወደ አዲስ አበባ ስንመጣ ልዩነቱን የሚፈጥረው ከደመወዙ መጠን ይልቅ ደመወዙ የሚወጣባቸው ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ቤት ነው። እኩል ደመወዝ ካላቸው ሁለት ቤተሰቦች አንዱ በአያት ዘመን በተገኘ የቀበሌ ቤት ውስጥ በጥቂት ብር ኪራይ ሲኖር፣ ሌላው ከግለሰብ ተከራይቶ ከገቢው ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ ሊከፍል ይችላል። ልጅ ያለው ተከራይ ደግሞ ሌላ ዕዳ አለበት። ደላላው ቤት ከማሳየቱ በፊት «ስንት ናችሁ? ልጅ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ልጅ አለ የሚል መልስ ብዙ በር ይዘጋል፤ ግቢው ይቆሽሻል፣ ውኃ ይበዛል፣ ጩኸት ይሆናል ይባላል። ስለዚህ ልጅ ያላቸው ተከራዮች ወይ ከአቅማቸው በላይ ከፍለው ራሱን የቻለ ቤት ይይዛሉ፣ ወይ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ይወጣሉ፤ ዳርቻ ሲወጡም የትራንስፖርቱ ወጪና የሚባክነው ሰዓት ይጨምራል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ዝቅተኛውን የውል ዘመን ሁለት ዓመት አድርጎ የኪራይ ጭማሪውንም ከአከራዩ ፈቃድ አውጥቶ በየዓመቱ በሚወሰን መጠን ላይ አስሮታል። ቤት ውስጥ የገባ ቤተሰብ በዚህ ይጠበቃል። ዋናው ችግር ግን በሩ ላይ ነው፤ ልጅ ስላለው ገና ከበሩ የተመለሰውን ቤተሰብ አዋጁ አይደርስለትም።

ሁለተኛው የእናቲቱ ጊዜ ነው፤ ይህ በገቢ ስሌት ውስጥ ፈጽሞ ስለማይታይ ሰፋ አድርጎ ማየቱ ይጠቅማል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ተቀጣሪ የሆነች እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ከሙሉ ደመወዝ ጋር ታርፋለች፤ ለአባት የተፈቀደው ሦስት ቀን ነው። ይህ መብት ለተቀጠረች ሴት ትልቅ ነገር ነው። ጉሊት የምትቸረችር፣ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ፣ በየቤቱ እየዞረች ልብስ የምታጥብ እናት ግን የወሊድ ፈቃዷ እስከ ቻለች ድረስ ያጠራቀመችው ጥቂት ብር ነው። በአዲስ አበባ የገበያ ዳርቻዎች ሽንኩርትና ቲማቲም ከፊቷ ደርድራ፣ አራስ ልጇን ከጀርባዋ በጥላ ሥር በካርቶን ላይ ያስተኛች እናት ማየት የተለመደ ነው። ልጁ ሲታመም ሥራው ይቆማል፤ ሥራው ሲቆም መነሻው ገንዘብ ይበላል፤ መነሻው ሲበላ ዕቃ ለማውጣት ከአራጣ አበዳሪ ወይም ከዕቁብተኛ መበደር ይመጣል።

በሌላው ጫፍ ሁለቱም ወላጆች ደህና ደመወዝ የሚያገኙበት ቤት አለ። ይህ ቤት ሥራውን የሚሠራው ሞግዚት ወይም የቤት ሠራተኛ ስላለችለት ነው። ይህችው ሠራተኛ ከጎጃም፣ ከወሎ ወይም ከወላይታ የመጣች፣ ብዙ ጊዜ የራሷን ልጅ ለእናቷ ትታ የመጣች ወጣት ናት። በቤት ሠራተኝነት ያለው የግል አገልግሎት ውል በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ስለማይሸፈን የሥራ ሰዓት ገደብ፣ የወሊድ ፈቃድም ሆነ የጡረታ መዋጮ የላትም። ስለዚህ የአንደኛዋ እናት ሙሉ ደመወዝ የቆመው በሌላዋ እናት ርካሽ ጉልበት ላይ ነው፤ በሁለቱ ልጆች መካከል ያለው ርቀትም በአንድ ጣሪያ ሥር ይፈጠራል። አሠሪዋን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ እርሷም ብትሆን ሌላ ምርጫ የላትም፣ አቅሟን የሚመጥን የሕፃናት ማቆያ በአካባቢዋ ማግኘት ዕድል ነውና። ከዚህ አልፎ ወደ ሪያድ፣ ወደ ዱባይና ወደ ቤይሩት የሄዱት እናቶች አሉ። የሚልኩት ገንዘብ ልጁን ከመንደሩ ልጆች የተሻለ ልብስና ትምህርት ያገኝለታል፤ ቤተሰቡ በፍጆታ ሲለካ ከፍ ይላል። ልጁ ግን ያለ እናት ያድጋል፣ አያት ትደክማለች፣ እናቲቱ ስትመለስም ልጁ ላያውቃት ይችላል። ይህንን የትኛውም የገቢ መለኪያ በዕዳ በኩል አይጽፈውም።

ሦስተኛው ትምህርት ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍያ የለውም፤ ወላጅ ግን አቅሙ በትንሹም ቢሆን ከፈቀደለት ልጁን ወደ ግል ትምህርት ቤት ለማስገባት የሚከፍለው መሥዋዕትነት አስደናቂ ነው። በየዓመቱ መጨረሻ ላይ ትምህርት ቤቶች የክፍያ ጭማሪ ሐሳብ ያቀርባሉ፣ ወላጆች ይሰበሰባሉ፣ ክርክር ይደረጋል፣ በመጨረሻ አብዛኛው ይከፍላል። ከወርኃዊው ክፍያ ላይ መመዝገቢያ፣ መጽሐፍ፣ የደንብ ልብስና ሰርቪስ ይጨመራል። ሁለት ልጆች ያሉት መካከለኛ ደመወዝተኛ ከኪራዩ ቀጥሎ ትልቁ ወጪው ይህ ነው። ከላይ ያሉት፣ ክፍያቸውን ከዶላር ጋር ያያያዙት ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች ደግሞ የሌላ ዓለም ናቸው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገና 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ እጥፍ ካለፈ ወዲህ፣ በብር ደመወዝ ልጁን በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ሊያስተምር የሚችል ወላጅ ከቀድሞውም እጅግ ጥቂት ሆኗል።

ልዩነቱ የሚፈተነው በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በመጀመሪያው ዓመት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ከዚህ በፊት ኩረጃ ልዩነቱን ሸፍኖት ነበር፤ ሲነሣ የታየው ለዓመታት የተጠራቀመው ነው። አስጠኚ የተቀጠረለት፣ ቤተ ሙከራና ቤተ መጻሕፍት ባለበት ትምህርት ቤት የተማረ ልጅና መምህሩ ግማሹን ዓመት በሌለበት ወይም በጦርነት በተዘጋ ትምህርት ቤት የቆየ ልጅ ለአንድ ዓይነት ወረቀት ተቀምጠዋል። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ በ20 አካባቢዎች 3,000 ልጆችን እየተከታተለ የቆየው የያንግ ላይቭስ ጥናት ደግሞ ክፍተቱ በፈተናው ቀን እንዳልተፈጠረ ያሳያል። በሀብት ደረጃ የሚለያዩ ልጆች የቋንቋና የሒሳብ ችሎታቸው አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት ተለያይቶ ይገኛል፤ ትምህርት ቤት ያንን ክፍተት አይደፍነውም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ አንድ የሠራ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ ፍትሐዊ አይሆንም። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2012 የትምህርት ዘመን በራሱ በጀት ያስፋፋው የተማሪዎች ምገባ፣ በመንግሥት ቅድመ አንደኛና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ልጆች ቁርስና ምሳ እንዲያገኙ አድርጓል፤ ከደንብ ልብስና ከደብተር ጋር በዛሬው ጊዜ ከ700,000 በላይ ልጆችን ይደርሳል። ከዚያ በፊት ባዶ ሆዱን መጥቶ ክፍል ውስጥ የሚወድቅ ተማሪ የየትምህርት ቤቱ መምህራን የየዕለት ጭንቀት ነበር። በእኔ ግምት ባለፉት ዓመታት በከተማዋ በገቢ ልዩነት ላይ ከተወሰዱት እርምጃዎች ሁሉ ይህን የሚያህል የለም፤ ምክንያቱም የሚሰላው በልጅ ነው። አራት ልጆች ያላት ደሃ እናት አራት ቁርስና አራት ምሳ ከወጪዋ ይወርድላታል፤ አንድ ልጅ ያላት አንድ። ድሃ መሆኗን በወረዳ አስመስክራ ደብዳቤ ማምጣት አያስፈልጋትም፤ ልጇም ከጓደኞቹ ተለይቶ አይታይም። ምግቡን የሚያዘጋጁት በማኅበር የተደራጁ እናቶች በመሆናቸው ደግሞ ከወጪው ከፊሉ ተመልሶ ወደ ደሃ ቤት በደመወዝ መልክ ይገባል። ክፍተቱ ከአራት ዓመት በታች ያለውን ልጅ አለመያዙ ነው፤ መቀንጨር የሚጀምረውና የሚወሰነውም በዚያው ዕድሜ፣ በተለይም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው።

ልጅን መቁጠር ለኢትዮጵያ እንግዳ አሠራርም አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር ልማታዊ ሴፍቲኔት ከመነሻው ክፍያውን ያሰላው ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር አምስት የሥራ ቀን በሚል ነበር፤ ነፍሰ ጡርና አራስ እናቶችም ከሥራ ወጥተው ቀጥታ ድጋፍ እንዲያገኙ ተደርጓል። ከ2003 እስከ 2006 ዓ.ም. በትግራይ በዓቢይ ዓዲና በሕንጣሎ ወጀራት የተሞከረው የማኅበራዊ ጥሬ ገንዘብ ድጋፍም ለአንድ አባወራ 155 ብር መነሻ አድርጎ በየልጁ ተጨማሪ ይከፍል ነበር። የገጠሩን ደሃ በልጁ ልክ የሚቆጥር ፕሮግራም እየሠራ ባለበት አገር፣ የከተማው ደመወዝተኛ በግብር፣ የመንግሥት ሠራተኛውም በደመወዝ ስኬሉ ልጅ እንደሌለው ሰው መታየቱ አሠራሩ ወጥነት እንደሌለው ያሳያል።

ከሌሎች አገሮች የሚወሰደው ትምህርትም አለ። ደቡብ አፍሪካ በ1998 እ.ኤ.አ. ከሰባት ዓመት በታች ላሉ የደሃ ቤተሰብ ልጆች የጀመረችው የልጅ ድጋፍ ክፍያ ዛሬ እስከ 18 ዓመት ደርሶ ከ13 ሚሊዮን በላይ ልጆችን ይሸፍናል፤ ገንዘቡ የሚከፈለው ልጁን ለሚያሳድገው ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ለእናት ወይም ለአያት ነው። አገሪቱ ዛሬም በዓለም ከፍተኛው የገቢ ልዩነት ካለባቸው አገሮች አንዷ ናት፤ ክፍያው ልዩነቱን አላጠፋም፣ የልጆችን ረኃብ ግን ቀንሷል። በአሜሪካ ደግሞ በ2021 እ.ኤ.አ. ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ ባሉት ስድስት ወራት ለአንድ ልጅ በወር እስከ 300 ዶላር ሲከፈል፣ የመንግሥት ድጋፍንም በሚቆጥረው ተጨማሪ የድህነት መለኪያ የሚሰላው የልጆች ድህነት ወደ 5.2 በመቶ ወረደ። ማስፋፊያው ሳይታደስ ሲቀር በሚቀጥለው ዓመት ወደ 12.4 በመቶ ተመለሰ። በአንድ ዓመት ውስጥ ወላጆች አልሰነፉም፣ ልጆችም አልበዙም፤ የተለወጠው ሕጉ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይቀርባሉ፤ ሁለቱም በቁም ነገር ሊታዩ ይገባል። አንደኛው፣ በልጅ ቁጥር መክፈል ሰው እንዲወልድ ያበረታታል የሚለው ነው። በደቡብ አፍሪካ የውልደት መጠን ክፍያው ከተጀመረ በኋላ ማሽቆልቆሉን ቀጠለ እንጂ አልጨመረም። በእኛም አገር ቢሆን በአዲስ አበባ 1.8፣ በደሃው ገጠር ከስድስት በላይ ያደረገው የድጎማ ልዩነት አይደለም፤ የሴቶች ትምህርት፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ አቅርቦት፣ የሕፃናት ሞትና የጋብቻ ዕድሜ ናቸው። ሁለተኛው የበጀት ጥያቄ ነው፤ ይህ ይበልጥ ከባድ ነው። አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ደመወዝተኛ ስላልሆነ በግብር በኩል የሚደረግ የልጅ ቅናሽ የሚደርሰው ለጥቂቶች፣ ያውም ከደሃዎቹ በላይ ላሉት ነው። ስለዚህ የግብር ማስተካከያው መጠነኛ ሆኖ፣ በተለይ ብቻቸውን ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆች ከነፃው ወለል እንደ ሁለት ሰው እንዲጠቀሙ ማድረግ በቂ ይመስለኛል። ዋናው ገንዘብ መሄድ ያለበት ደመወዝ በሌለበት ቤት ወዳለው ልጅ ነው፤ ይህም ማለት በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በአሥር ሌሎች ከተሞች በተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት ውስጥ ከሁለት ዓመት በታች ልጅ ላላቸው እናቶች የተለየ ክፍያ መመደብ፣ በየገበያው አቅራቢያ ጉሊት የሚቸረችሩ እናቶች በቀን ጥቂት ብር ከፍለው ልጃቸውን የሚያቆዩበት ቦታ ማዘጋጀት፣ ምገባውንም ከአዲስ አበባ ውጭ ወዳሉ ከተሞች በቋሚ በጀት ማውጣት ነው።

ለዚህ ሁሉ መነሻው ልጁ በመዝገብ ላይ መኖሩ ነው፤ ከሁሉ ወደ ኋላ የቀረነውም እዚያ ላይ ነው። በ2008ቱ ዳሰሳ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ልጆች ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር መጨረሻ ሲሆን፣ ዛሬም ቢሆን በጤና ተቋም የሚወለደው የከተማ ልጅ ቤት ከሚወለደው የገጠር ልጅ ይልቅ የልደት ምስክር ወረቀት የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። ደሃዋ እናት ልጇን ለማስመዝገብ ወደ ቀበሌዋ ጽሕፈት ቤት የምትሄድበት መንገድ የአንድ ቀን ገቢዋን ይወስዳል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለክትባት ከቤት ወደ ቤት ስትዞር ልጁን በዚያው መዝግባ እንድትመለስ ማድረግ፣ የትኛውም የልጅ ድጋፍ ከመታወጁ በፊት ሊጀመር የሚችልና ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው።